በሁለት በረዶ መሃል

ጠቅ! ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ጠቅ!

ድምፁን የሰማሁት ገና ወደ ቤዝመንቱ ደረጃውን ስወርድ ነው። ስቴፕለር መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ቶሮንቶ ዳር ኢቶቢኮ የምሠራበት የካርፔት ዌርሃውስ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሙሉ የምሰማው እሱን ነው። ግን ግድግዳ ሲመታ እንዲህ አይታፈንም። የሚወጋው ነገር ወፍራምና ለስላሳ መሆን አለበት።

በሩን ስከፍት የማኅበራችን ሊቀመንበር ጋሽ ዘርይሁን ወንበር ላይ ቆመው፣ ለዛሬው ኤግዚቢሽን በተሰቀለው የሽመና ሥራዬ ላይ ካርድ ይመታሉ። ከጎኑ አይደለም፣ ከሥሩም አይደለም። ራሱ ላይ! ዘጠኝ ወር የሸመንኩት ላይ! ካርዱ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጽፎበታል፦ «የድርቅ ምድር»።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ርዕስህ ነዋ። ደግ ጊዜ መጣህ፣ ና ወንበሩን ያዝልኝ።»

«እኔ ርዕስ ሰጥቼዋለሁ። ፎርሙ ላይ ጽፌያለሁ።»

«አይቼዋለሁ። ‹በሁለት በረዶ መሃል›። ተክሉ፣ እውነት አሁን ይሄ ርዕስ ነው ወይስ የአየር ትንበያ?»

ጥግ ላይ ተቀምጠው ፕሮግራም የሚያጥፉት እትዬ ብርሃነሽ ፍርፍር ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፊቴ እንደ ምጣድ ጋለ።

ያ ሥራ ከየት እንደመጣ ለአንድም ሰው ነግሬ አላውቅም፣ የጠየቀኝም የለም። እሁድ እሁድ ብቻዬን ዶን ሸለቆ እወርዳለሁ። ከተዘጋው ጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ለሸክላ ሲቆፍሩ የተዉት ገደል አለ። ምድሩ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። ከታች ጠጠር ያለበት ግራጫ ጭቃ፣ የጥንት ግግር በረዶ እየገፋ ያመጣው። ከሱ በላይ ቢጫና ቡናማ አሸዋ፣ ቅጠልና ግንድ የተቀበረበት፤ ቶሮንቶ ከዛሬው የበለጠ ሞቃት የነበረችበት ዘመን ነው። ከዚያ በላይ በረዶው ተመልሶ መጥቶ የጣለው ጭቃ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ሁሉ ያነበብኩት ላይብረሪ ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ያን ገደል ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው ማንም ምንም አይጠይቀኝም። ስሜን እንኳ።

ሰው የጣለውን የአልጋ ፍሬም አንስቼ፣ ከላይና ከታች ሚስማር መትቼ ድሩን ወጠርኩ። መወርወሪያ የለኝም። ማጉን በጣቴ እያሳለፍኩ በሹካ ጠቀጠቅኩት። ወንዝ የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ሰው የለበት፤ ንብርብር ብቻ። አንዱ ከሌላው ላይ የሚተኛበት ቦታ እንዳይሰምር ስንት ጊዜ ፈታሁት! ገደሉ ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለማ።

«ጋሽ ዘርይሁን፣ እኔ ስለ ድርቅ አልሸመንኩም። ስለ ሸክላ ነው የሸመንኩት።»

«ሰባት ሰዓት ላይ ከጋዜጣ አንዲት ልጅ ትመጣለች። ‹ይሄ ምንድን ነው?› ስትለኝ ምን ልበላት? ጭቃ?»

«አዎ፣ ጭቃ! ያውም የራሷ አገር ጭቃ!»

«ፈረንጅ የራሱን ጭቃ ሊያይ እዚህ ድረስ አይመጣም፣ ወንድሜ።»

«እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ጅማ በዝናቡ የታጠበ ልብስ አይደርቅም። ድርቅ ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፣ እሱንም እዚህ መጥቼ!»

«ማን ይጠይቅሃል? ቀለሙን እየው። ቡናማ፣ ቢጫ፣ ግራጫ። ድርቅ ነው።»

«እዚያ ጋ የተሰቀለው የተናኜ ሰፌድ ‹ሰፌድ› ተብሎ ተጽፎለታል። የኔ ብቻ ለምንድን ነው ሌላ ሰው ስም የሚያወጣለት?»

«ሰፌድ ሰፌድ ይመስላል። ያንተ ምን ይመስላል?»

የባሰ ተናደድኩ። ሥራዬን ነጥቄ ልሄድ እጄን ስሰድ እትዬ ብርሃነሽ ፕሮግራማቸውን አስቀምጠው ተነሱ። ሥራውን ትናንት ማታ ተጠቅልሎ ሲመጣ እንጂ ተዘርግቶ በቅርብ አላዩትም። መነጽራቸውን አደረጉና ቀረብ አሉ።

«ይሄ ነጩ የኔ ፈትል ነው አይደል?»

«አዎ፣ የርስዎ ነው።»

እትዬ ብርሃነሽ ከኔ ጋር አንድ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ክረምቱን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጠው በእንዝርት የፈተሉልኝ እሳቸው ናቸው። ፋብሪካ ያልነካው፣ ወፈር ቀጠን የሚል ክር ፈልጌ ነበር።

«ከጋቢው የተረፈው ነው?» አሉ።

«የምን ጋቢ?»

ጋሽ ዘርይሁን ከወንበሩ ላይ ዘወር አሉ። «ጋቢ ላሠራ ነው ብለህ አይደል እንዴ ያስፈተልካቸው?»

«ጋቢ አላልኩም። ልሸምንበት ነው አልኩ።»

«እናትህን የሚያህሉ ሴት አስፈትለህ ሌላ ምን ይሸመናል? መጋረጃ?»

«አልጠየቁኝማ!» ብዬ ጮህኩ። «ማንም አይጠይቀኝም! ሁላችሁም ታውቁታላችሁ! ጋቢ ነው፣ ድርቅ ነው!»

ስድብ እየጠበቅኩ ነበር።

«ንቀልለት፣ ዘርይሁን» አሉ እትዬ ብርሃነሽ።

«እንዴ፣ ፕሮግራሙ እኮ ፕሪንት ተደርጓል...»

«ይደረጋ። ስም የሚያወጣ የወለደ ነው። አንተ ለልጅህ ጎረቤት ነው ስም ያወጣልህ?»

ጋሽ ዘርይሁን እያጉረመረሙ የስቴፕለሩን ሽቦ በጥፍራቸው መነገሉት። አንዱ ክር ተመዘዘ። አየሁት። ባዶ ካርድ ወስጄ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፣ ከግድግዳው ላይ፣ ከሥራው ራቅ አድርጌ ለጠፍኩት። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

«እስቲ አንብብልኝ» አሉ እትዬ ብርሃነሽ።

«በሁለት በረዶ መሃል።»

«በረዶው የቱ ነው?»

በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀኝ! በደስታ ጣቴን ሰደድኩ። «ይሄ ከታች ያለው ነጩና ይሄ ከላይ ያለው። አገሩን ሁሉ የሸፈነ በረዶ ነው፣ እትዬ፣ ከዚህ ፎቅ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ። የርስዎ ፈትል ባይኖር አይወጣልኝም ነበር፤ ሌላ ክር ያን ያህል አይቀዘቅዝም።»

«መሃሉስ?»

«መሃሉ ሙቀቱ ነው። ያኔ እዚህ ይሞቅ ነበር፣ ዛፉ፣ ቅጠሉ...»

«እሱ በምን ተሠራ?»

«ዌርሃውስ ከሚጣል የካርፔት ቁራጭ ነው የፈታሁት። ናይለን ነው።»

መሃሉን በሌባ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ነጩን በሙሉ መዳፋቸው ዳበሱት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብለው። «እኔስ ብርድ እንዳይነካህ ነበር የፈተልኩት» አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱ። ካፖርታቸውን ከወንበሩ አነሡና እስከ አንገታቸው ቆለፉት።

«እትዬ ብርሃነሽ፣ ሰው እኮ መምጫው ነው!» አሉ ጋሽ ዘርይሁን። «ፕሮግራሙን ማን ያጥፍልኝ?»

ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። በሩን ከፍተው ደረጃውን ወጡ።