ሽንሽኑ እስኪበርድ

ልብስ ተኳሿ የመጨረሻዋን የፀጉር መቆንጠጫ ከሽንሽኑ ጫፍ ላይ ሰካችና ቀሚሱን አንጠለጠለችው። ከውስጥ በኩል እንፋሎት ለቀቀችበት። ካውያ ሳታስነካው እንዲበርድ ተወችው። ዘዴው ይኸው ነበር፤ ሽንሽን የሚጸናው ሲሞቅ ሳይሆን ሲበርድ ነው። ድሮ አንዱን ስትታገል በምታረፍድበት ጊዜ አሁን መደዳውን ትጨርሳለች።

የባሏ ታላቅ እህት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ገባች። በዚሁ ልብስ ማጠቢያ ቤት ደንበኛ ተቀባይ ናት፤ ተኳሿን ያስቀጠረቻትም እሷው ነች።

“ዛሬ ስብሰባው ላይ ትናገሪያለሽ አይደል?”

“ምኑን?”

“አታሹፊብኝ። ሆቴሉ የአስተናጋጆቹን ቀሚስ በዕለቱ ካላደረሳችሁልኝ ለማዶው ልብስ ማጠቢያ እሰጣለሁ ብሏል። እሱ ከሄደ ይህ በር መዘጋቱ ነው። አንቺስ ባል አለሽ፤ እኔ ማን አለኝ?”

“ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ወንድምሽን ነው ባል የምትይው?”

ሳቁ፤ ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም።

“እማማ እድፍን ረሳሻቸው፣ እታለም?” አለች ተኳሿ።

ማን ይረሳቸዋል። የሚያሸንፋቸው እድፍ ስላልነበረ ነው ስሙ የወጣላቸው። ሥራ አስኪያጁ “የምታውቁትን ተካፈሉ፤ ቤት የሚያድገው እንዲህ ነው” ብሎ የሰኞ ጠዋቱን ስብሰባ የጀመረ ሰሞን፣ ዝገቱን በምን፣ ቀለሙን በምን እንደሚያስለቅቁ አንድም ሳያስቀሩ አስተማሩ። ተጨበጨበላቸው። ደንበኛ ጎረፈ። ዓመቱ ሳይሞላ ግን “አሁንማ ሁሉም ችሎታል፤ እርስዎ ይረፉ” ተባሉ። ከዚያ ወዲህ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በሰኞው ስብሰባ ላይ አፍ እንጂ ነገር አይገኝም።

“ዘዴው ያንቺ ነው” አለች ደንበኛ ተቀባይዋ። “እኔ ቀድሜሽ አልናገርብሽም።”

በስብሰባው አጣቢው ቀድሞ ተነሣ። “ልብስ ከመንከር በፊት ኪስ መፈተሽ እንደሚጠቅም ተምሬያለሁ።”

“ስልኬን ካጠብክልኝ በኋላ!” አለ ሾፌሩ። በተራው እሱ ደግሞ ደንበኛን በፈገግታ መቀበል መልካም መሆኑን ተናገረ።

“ጥርስህን መቼ አየነውና!” አለችው ደንበኛ ተቀባይዋ።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። የሸሚዙ ኮሌታ ተጨማዷል። “ተዉ እንጂ” አለ ቀስ ብሎ። “እኔም እንደናንተው ተቀጣሪ ነኝ። ለሆቴሉ የምናሳየው አዲስ ነገር ካጣን አብረን ነው የምንወጣው።” ወደ ተኳሿ ዞረ። “አንቺስ፣ እህቴ?”

የባሏ እህት ዓይን ፊቷ ላይ አረፈ። ተኳሿ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“አዲስ ዘዴ ያመጣ ሰው… ቦታው ይጠበቅለታል?”

ሥራ አስኪያጁ ወለሉን አየ። “እሱን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። ልዋሽሽ አልፈልግም።”



“የካውያ ገመድ” አለች ተኳሿ፣ “ከሥራ በኋላ ተጠቅልሎ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።”

አጣቢው ከልማድ የተነሣ አጨበጨበ።

ተኳሿ ወደ መጋረጃው ጀርባ ስትመለስ የባሏ እህት ተከትላት ገባች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ለተኳሿ ይቀልላት ነበር።

“እኔን ብለሽ እንኳ?”

“ብናገርም እወጣለሁ፣ ባልናገርም እወጣለሁ። ቢያንስ ማዶ ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድም።”

“የወንድሜ ሚስት፣ ማዶ እኮ ያለው ማሽን ነው። ሰው የሚቀጥር መሰለሽ?”

 በኮሪደሩ የሥራ አስኪያጁ ጫማ ተሰማ፤ ወደነሱ እየመጣ ነው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ቀሚሱ በርዷል። ተኳሿ መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ፀጉሯ ውስጥ ሰካካቻቸው። ሽንሽኑ ንቅንቅ አላለም። ላስቲክ አልብሳው ካለቁት ልብሶች ጎን ሰቀለችው።