ለዩቶንግ ትከሻ የሚሆን ላፕቶፕ

ልጄ ቺንፋ ላፕቶፕ የሚመርጠው የጀልባ መብራት እንደሚመርጥ ነው። ሥራው እሱ ነው፤ ታይዋን ውስጥ ኪሉንግ ወደብ ላይ፣ ስኩዊድ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ሌሊት በብርሃን እየሳቡ ለሚያጠምዱ ጀልባዎች የሰው ጭንቅላት የሚያክል አምፖል ይሸጣል። ለእሱ ጥሩ ዕቃ ማለት ከሩቅ የሚታይና ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው፤ ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ሲማር አላየሁትም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለልጅ ልጄ ለዩቶንግ ላፕቶፕ እኔ ነኝ የምገዛ ብሎ፣ ቅዳሜ ጠዋት በዝናብ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እያሳፈረ ታይፔ የወሰደን። እኔን ማንም አልጋበዘኝም። ጃንጥላዬን ይዤ ተከተልኳቸው።

ዩቶንግ የሴት ልጄ ልጅ ናት። እናቷ ካኦሲዩንግ ከተማ ስለምትሠራ ያደገችው እኔው ዘንድ ነው። አምና ስኩተር አንሸራቶ ጣላትና ከአንገቷ ሥር ያለው የቀኝ አጥንት ለሁለት ተሰበረ። ሐኪሙ በብረትና በስድስት ብሎን ገጠመላት። ሲያሰናብተን የተናገረው ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ነበር፤ ማን እንደሚሰማው ስላወቀ ይመስለኛል። ዓመት እስኪሞላት በትከሻዋ ከባድ ነገር እንዳትሸከም፣ ብረቱ ከተነቃነቀ ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ትሆናለች አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አይደለም።

አሁን ደግሞ ነርስ ልትሆን ትማራለች። የሚመጣው ሰኞ የመስክ ሥራ ይጀምራል፤ በየቀኑ ተራራ ላይ ወዳሉት መንደሮች እየወጡ የአዛውንቱን መድኃኒትና የደም ግፊት ይመዘግባሉ። ላፕቶፕ የሌለው አይምጣ ተብሏል። ቦርሳዋን አርብ ማታ ተደብቄ በአትክልት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። መጽሐፍ፣ የግፊት መለኪያ፣ ውኃ፤ ላፕቶፑ ሳይጨመር ሦስት ኪሎ።

ቺንፋ ይህን ሁሉ ያውቃል። ነግሬዋለሁ። መንገር ሌላ፣ መግባት ሌላ።

የኤሌክትሮኒክስ ገበያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥተን የመጀመሪያው ሱቅ በር ላይ ስንደርስ ሊያኦ የሚል ስም ደረቱ ላይ የለጠፈ ወጣት ተቀበለን። ፀጉሩ በቅባት ቆሟል። ተማሪዋ የትኛዋ እንደሆነች አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም። ዐይኑ የቺንፋ የኪስ ቦርሳ ላይ ወደቀና እዚያው ቀረ።

«አለቃ፣ እርስዎን ለመሰለ ሰው ተራ ዕቃ አላሳይም» አለው።

ልጄ በዚህ ተሸነፈ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ያሳደግሁት ሰው በአንድ «አለቃ» ተሸጠ።

የመጣው ነገር የሻይ ትሪ ያክላል። ፊደላቱ ከሥራቸው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ እያሉ ይበራሉ፤ የቤተ መቅደስ በዓል ይመስላል። ሲከፈት ፀጉር ማድረቂያ የሚመስል ድምፅ አወጣ። ሊያኦ ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ፣ ከጀልባ ሞተር የማይተናነስ ጉልበት ያለው መሆኑን ሲዘረዝር ቺንፋ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ዋት ይበላል? ሁለት መቶ ሠላሳ ሲባል ፊቱ እንደ ሙሽራ አበራ።

እኔ ደግሞ ኪሎውን ጠየቅሁ።

«ሁለት ተኩል ብቻ ነው እማማ።»

«ከነቻርጀሩ?»

ቻርጀሩ ለብቻው ነው የሚታሰበው አለኝ። አንስቼ አየሁት፤ ጡብ ነው። ለብቻው የሚታሰብ ከሆነ ለብቻው በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ጥርሱን ብልጭ አደረገና ወደ ቺንፋ ዞረ። ያረጀ ሰው ሲናገር እንደ ዝናብ ድምፅ ይሰማቸዋል፤ ጃንጥላ ዘርግቶ ማለፍ ነው።

ቺንፋን በክንዱ ይዤ የሐኪሙን ቃል አንድ በአንድ ደገምኩለት። እሱ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሠላሳ ኪሎ አምፖል ተሸክሞ የጀልባ መሰላል ይወጣ እንደነበር ነገረኝ። ለዚህ ነው እንግዲህ ቁመትህም አእምሮህም እዚያው የቀረው አልኩት። አልተቀየመም፤ ለመቀየም መስማት ያስፈልጋል። የአጎት ስጦታ መሆኑን፣ የክፍል ጓደኞቿ ሲያዩት አፋቸውን እንደሚከፍቱ፣ ትንሽ ዕቃ ሰጠ ተብሎ በዘመድ ፊት መታማት እንደማይፈልግ አወራ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይኼኛው ግን ገደል የሚሰደው እሱን ሳይሆን ልጅቱን ነው።

ዩቶንግስ? «ጥሩ ነው አጎቴ፣ አመሰግናለሁ» አለች። ይህን ስትል ግን በግራ እጇ ከአንገቷ ሥር ያለውን ጠባሳ ትዳብስ ነበር። ታላቅ የሰጠውን እምቢ ማለት አላስተማርኳትም። ያን ሰዓት ስላላስተማርኳት ራሴን ረገምኩ።

ቺንፋ ካርዱን አወጣ።

እኔ የምይዘው አጥቼ ሒሳብ መቀበያው ላይ ተደገፍኩ። እዚያ፣ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ፣ በእኛ አገር ማሽን ባለበት ሁሉ እንደሚደረገው አረንጓዴው የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ተቀምጧል። ማሽኑ አደብ ገዝቶ እንዲሠራ ነው። ቢጫው ከረጢት አይሆንም፣ ቀዩ ጭራሽ አይታሰብም፤ አረንጓዴ መሆን አለበት፣ የሚበላበት ቀኑም ማለፍ የለበትም። እኔ በዚህ ብዙም አላምንም። ቺንፋ ግን አምፖል በሚፈትሽበት ጠረጴዛ ላይ ሦስት ከረጢት ደርድሮ በየወሩ ቀናቸውን ያያል።

ከረጢቱን ገልብጬ አነበብኩት። ከዚያ ምንም ሳልናገር ለልጄ አቀበልኩት።

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ።

«ካለፈ ስምንት ወር?» አለ ቀስ ብሎ።

ሊያኦ የእሱ እንዳልሆነ፣ ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ረስታው እንደሆነ፣ አሁኑኑ ወርዶ አዲስ እንደሚገዛ ተናገረ። የጆሮው ሥር ቀላ።

«የራሱን ማሽን ስምንት ወር እንዲህ ጥሎት የኖረ ሰው ነው ለእኔ የሁለት ዓመት ዋስትና የሚሰጠኝ?» አለ ቺንፋ፤ ካርዱን ወደ ኪሱ መለሰ።

እንግዲህ ፍረዱ። የተሰበረ አጥንት አላስቆመውም። ስድስት ብሎን አላስቆመውም። የእናቱ ልመናም አላስቆመውም። ስንት ዓመት የተማረ ሐኪም ያልቻለውን ቀኑ ያለፈ የበቆሎ ብስኩት ቻለው። የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ማንን ልውቀስ?

ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የአንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ነው። ቺንፋ መጀመሪያ ከረጢቷን ፈትሾ፣ ቀኑ ገና መሆኑን አይቶ፣ ነው የገባው። አሁን ተራው የእኔ ነው ብዬ ተዝናናሁ። ከመደርደሪያው በጣም ትንሿን አነሳሁ፤ ዘጠኝ መቶ ግራም፣ እንደ ወጥ ቤት ሳህን የሳሳች። ይህች ናት አልኩ። ቺንፋ ይህማ የምግብ ቤት ሜኑ ነው አለ። እኔም አንተ ስኩዊድ የምታጠምድበት መስሎሃል አልኩት። ልጅቱን መሀል አቁመን በአናቷ ላይ ስንነታረክ ሴትየዋ ማን ነው የሚጠቀምበት ብላ ጠየቀች። ሁለታችንም ወደ ዩቶንግ ጠቆምን።

«ታዲያ እሷ ምን ትላለች?»

ከኪሉንግ እስከዚያ ሱቅ ድረስ አንዳችንም አልጠየቅናትም። ሊያኦን ተማሪዋን አልጠየቀም ብዬ በልቤ ስሰድበው ቆይቼ፣ ከእሱ የምለየው በፀጉሬ ብቻ ሆኖ ተገኘሁ።

ዩቶንግ መጀመሪያ መሬት መሬት እያየች ነው የጀመረችው።

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት መስክ ላይ ነኝ። አዛውንቶቹ ቤት ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ እሱም የኦክስጅን ማሽናቸው የተሰካበት ነው። ነቅዬ የእኔን ልሰካ?»

ከዚያ ቀና አለች። እኔ የመረጥኳት የትንሿ ላፕቶፕ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠየቀች። ሴትየዋ በደንብ ከተሠራባት አራት ሰዓት አለቻት። ዩቶንግ ተቀብላኝ ቦታዋ መለሰቻት። ስድስት ሰባቱን ከፍታ የየአንዳንዱን ስክሪን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረች፤ ብዙዎቹ መስታወት ሆኑ። የቀኝ ጣቶቿ እስካሁን እንደሚደነዝዟት ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ለዚህ ፊደላቱ ጠበብ ያሉትን ሁሉ ተወች። ይህን ሁሉ ወር አብሬያት ስበላ አላየሁም። በመጨረሻ አንድ ግራጫ አነሳች፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ፣ ባትሪው ቀን ሙሉ የሚይዝ፣ በስልኳ ቻርጀር የሚሞላ። የፋይል ቦታው በኋላ ሊጨመር እንደሚችል፣ ሚሞሪው ግን እንደተበየደ ስለሚቀር አሁኑኑ ባለ አሥራ ስድስት ጊጋውን መውሰድ እንደሚሻል ሴትየዋ ነገረቻት። የሚያበራውን ሳይሆን የሚጎድለውን የነገረን ነጋዴ ያን ቀን እሷ ብቻ ናት።

ዩቶንግ ዕቃውን ከነመጽሐፎቿ ቦርሳ ውስጥ ከታ በግራ ትከሻዋ አንጠልጥላ ፎቁን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ቺንፋ ዋቱን ጠየቀ። ስልሳ አምስት ሲባል ሰው የሞተበት መሰለ። ግን ከፈለ።

ደረጃው ላይ ዩቶንግ ክንዱን ያዘችው።

«አጎቴ፣ ያን ትልቁን ቢገዙልኝ አመሰግናለሁ ብዬ እቤት አስቀምጠው ነበር።»

ለእሱ ብቻ ያለችው መስሎኝ ደስ ሊለኝ ሲል ወደ እኔ ዞረች። «ያንቺን ደግሞ ይዤው እሄድ ነበር፤ ከምሳ በፊት ባትሪው ያልቅብኝ ነበር።» ፈገግ አላለችም። እኔ ጃንጥላዬን ገና በረንዳ ሳንደርስ ዘረጋሁ።

ሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኋት። ቀኑን ሙሉ አንድ ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካፖርቷ ረጥቦ ገባች። ሁለት ጓደኞቿ ማሽናቸው ከሰዓት በኋላ ባትሪው አልቆ ስለጠፋባቸው የእነሱንም አዛውንቶች ጭምር እሷ እንደመዘገበች እየነገረችኝ ጫማዋን ታወልቅ ጀመር። እኔ ይህን አልሰማሁም። የሸሚዟን ቁልፍ ራሴው ፈትቼ ጠባሳውን ዙሪያውን ተጫንኩት። አላበጠም። የቦርሳው ማንገቻም ምልክት አልተወም።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

ልጅ በዚህ ነገር አይታመንም፤ ጠበቅ አድርጌ ደግሜ ተጫንኩት።

«እማምዬ፣» አለች እጄን ይዛ፣ «ዛሬ ያሳመምሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»