ጋራዥ ስትደርስ የምትነሳ ሞተር

በዚህ ቤት አንድ ነገር ሲበላሽ የማይጠየቅ ሰው የለም። ጎረቤት ይጠየቃል፣ ስልክ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ይጠየቃል፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚነፋው ሰውዬ ሳይቀር ይጠየቃል። እኔን ግን እንደ ምሰሶ ዞረውኝ ያልፋሉ።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ዐይኑ ቀድሞ ስለደከመበት የመሞከሪያዋን አምፖል እያየሁ «በራች፣ ጠፋች» የምለው እኔ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ኮረንቲ የት ደርሶ የት እንደቀረ ግን ማንም አያስተምረኝም። ልጄ ይህን ያውቃል። ሙያውን የለቀመው ከአባቱ ነው፣ የአባቱ ዐይን ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን የራሱ ጋራዥ አለው፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቱታ ይለብሳል፣ እና ገና አፌን ስከፍት «እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ» ይለኛል። አረፍ በይ ማለት አፍሽን ዝጊ ማለት እንደሆነ የማይገባኝ ይመስለዋል።

ነገሩ የምራቴ ሞተር ሳይክል ነው። ሞተሯ የመሥሪያ ቤቷ ናት። ምራቴ ከየክሊኒኩ የደም ናሙና በበረዶ ሣጥን እየሰበሰበች ለላቦራቶሪ ታደርሳለች። ናሙናው ከዘገየ ይበላሻል፣ ከተበላሸ በሽተኛው ክንዱን እንደገና ይወጋል። ሥራዋን ትወደዋለች። ቤት ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት ሄልሜቷን ስታጠልቅ ቁመት የጨመረች ትመስላለች።

ይህች ሞተር ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ቁልፉ ይዞራል፣ ምንም የለም። አረንጓዴዋ መብራት አትበራም፣ ክላክሱ አይጮህም፣ ስታርተሩ «ጢቅ» እንኳ አይልም። በእግር ቢረግጧትም ያው ናት። ከዚያ ባልና ሚስት እያለከለኩ በኮረኮንቹ ላይ ገፍተው ጋራዥ ይወስዷታል። ጋራዡ በር ላይ ቁልፉ ሲዞር ሞተሯ እንደ ምንም ትነሳለች፤ የሐኪም ቤት በር ሲያይ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ሕፃን።

ልጄ ባትሪውን ቀየረ፣ ካንዴላውን ቀየረ፣ ፊውዙን ቀየረ። የሚቀይረው ሲያልቅበት ጥፋቱን ሚስቱ ላይ አንጠለጠለው። የመሥሪያ ቤቱን ሞተሮች የሚጠግነው የእሱ ጋራዥ ስለሆነ የምራቴ አለቃ ደውሎ ጠየቀው። ልጄም ዐይኑን በጨው አጥቦ «ሞተሯ ምንም የላትም፣ ጌታዬ። አያያዙ ላይ ነው» አለው። ስለ ገዛ ሚስቱ!

«ምን ሆነህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እና ሚስቱ ስለሆነች አዳላላት ልባል ነው እንዴ?» አለኝ። ላለማዳላት ብሎ ቀበራት።

አለቃዋም አንድ ቀን ከደገማት ሞተሯ ለሌላ ሠራተኛ እንደምትሰጥና እሷ ቢሮ ተቀምጣ ጠርሙስ እንደምታጥብ ነገራት። ምራቴ ይህን ስታወራን አላለቀሰችም። እሷ ሲብስባት ነው የማታለቅሰው።

በማግሥቱ ጠዋት ሞተሯን ከኮሪደሩ ወደ ኋላ እየጎተተች ግቢ አወጣቻት። ቁልፉን አዞረች። ጭጭ። ደግማ አዞረች። ጭጭ። የበረዶ ሣጥኑን ከኋላ እንዳሰረች፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ እንደ ሐውልት ቆማ ቀረች።

ልጄ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የጥርስ ሳሙና አረፋ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ብቅ አለ።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«ክላቹን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ማርሽ ውስጥ እንዳትሆን።»

«አይደለችም። ማጥፊያዋም ክፍት ናት። አንተ ሳትጠይቀኝ ሁሉንም አይቻለሁ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

«በቃ፣ እንግፋታ።»

እኔ ይኼኔ ግቢው ጥግ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ወንበሬንም ይዤ ነው የተነሳሁት። የፊት ጎማው አፍንጫ ሥር አስቀመጥኩና ተደላድዬ ተቀመጥኩበት።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየተቀመጥኩ። አታይም?»

«ሰዓት እኮ ሄደ!»

«ይሂድ። ይህች ሞተር ሳትነሳ ከዚህ ግቢ አትወጣም። ስትገፏት ትድናለች፣ ስትድን ደግሞ ሚስትህ ሐሰተኛ ትሆናለች። በሽታዋን በታመመችበት ቦታ እያት።»

ምራቴ ቀስ ብላ «እማማ ያሉት ልክ ነው» አለች። ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየና አረፋውን በፎጣው ጠረገ። «ሁለታችሁ ከተስማማችሁማ ምን አቅም አለኝ» ብሎ ካቻቢቴ ሊያመጣ ገባ።

«የአባትህን አምፖልም ይዘህ ና!» አልኩት ከኋላው።

«የሷ ጊዜ አልፏል፣ እማዬ። እኔ ዲጂታል መለኪያ አለኝ።»

«የት ነው ያለው?»

«ጋራዥ።»

«እንግዲያው ጋራዥህ ይለካበት።»

አመጣት። ትንሽ አምፖል ናት፤ ሁለት ሽቦ ወጥቶላታል፣ አንዱ ጫፍ ላይ መቆንጠጫ፣ ሌላው ላይ መርፌ። መቆንጠጫውን ብረት ላይ ታስይዛለህ፣ በመርፌው ገመዱን ትወጋለህ፤ ኮረንቲ ካለ ትበራለች፣ ከሌለ አትበራም። ውሸት አታውቅም፣ ዲጂታልም አይደለችም።

እኔ ግን አምፖሏ እስክትናገር መች ጠበቅሁ! «ፈትሽ ብዬህ ነው እንጂ እኔማ አውቄዋለሁ» አልኩት። «የነጌቲቩ ገመድ ብረቱ ላይ የታሰረበት ቦታ ዝጎ ነው። ፍታና በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው።» ፈታው። እውነትም ዝጓል። ልቤ ተነፋ። እንደ መስተዋት እስኪያበራ ፈተገና መልሶ አሰረው። ምራቴ ቁልፉን አዞረች።

ጭጭ።

«እሺ፣ ፕሮፌሰር?» አለኝ ልጄ።

ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳቋን ይሁን እንባዋን የምትደብቀው አላውቅም።

«እሱ አይደለም ማለት ነው» አልኩ። ምን ልበል? አይደለማ።

ከዚያ እንደ ወጉ ከባትሪው ጀመረ። ባትሪው ላይ አምፖሏ ቦግ አለች። ፊውዙ ላይ፣ በዚህም በኩል በዚያም በኩል፣ ቦግ። ቀጥሎ ከቁልፉ ማስገቢያ የሚወጣውን ጥቁር ገመድ ወጋ። አልበራችም። ልጄ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ።

«ያዝኩት! ቁልፉ ነው የሞተው። ፈትቼ አዲስ አስመጣለሁ።»

«መቼ ይደርሳል?» አለች ምራቴ።

«እንግዲህ...» አለ። አዲሱ ቁልፍ እስኪመጣ ሞተሯ የሌላ ሰው እንደምትሆን ያኔ ገና ትዝ አለው። ቢሆንም ካቻቢቴውን አንስቶ ቁልፉን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

«ወደ ቁልፉ የሚገባውንስ አየኸው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ቁልፍ ማለት በር ነው። ከዚህ በር ሰው አልወጣም ብለህ በሩን ትገነጥላለህ? መጀመሪያ የገባ ሰው መኖሩን እይ እንጂ!»

ፊቱን አጠቆረ፤ መርፌውን ግን ቀዩ ገመድ ላይ ተከለ። ወደ ቁልፉ የሚገባው እሱ ነው። አምፖሏ ጭል እንኳ አላለችም።

«ከፊውዙ ወጥቷል፣ ቁልፉ ጋ አልደረሰም» አለ ለራሱ። «መሀል መንገድ ላይ...»

«አንገቷ ላይ ነው» አለች ምራቴ።

ሁለታችንም ዞርንባት። ሄልሜቷን አውልቃ ብብቷ ሥር ይዛለች።

«መሪውን ሳዞር አረንጓዴዋ ብልጭ ብላ ትጠፋለች ብዬ ነግሬሃለሁ። ‹መስሎሽ ነው› አልከኝ። ለእማማም ነግሬያቸው ነበር።»

እውነቷን ነው። ነግራኝ «ፀሐይ አንጸባርቆብሽ ነው» ብያታለሁ። ይህን ለማስታወስ ጊዜው አልነበረምና «በይ፣ አዙሪው እስቲ!» አልኳት።

ልጄ መርፌውን እንደተከለ ያዘ። እኔ አምፖሏ ላይ አፈጠጥኩ። ምራቴ መሪውን ወደ ግራ ወሰደችው፣ ምንም። ወደ ቀኝ መለሰችው።

«በራች!» አልኩ። «ቆይ፣ ጠፋች። መልሺው። በራች! ጠፋች!»

አፌ ያችኑ የድሮዋን ድምፅ አወጣ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው አጎነበሰ።

የፊት መብራቱን ፈትቶ አወረደው። ከኋላው፣ መሪው አንገት ላይ፣ ገመዶቹ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር ጥርቅም ተደርገው ታስረዋል። ልጄ አዲስ ክላክስ ሲገጥምላት ያሰረው ነው። የእሱ ሥራ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ገመድ እንደ ሹሩባ አሳምሮ ማሰር ይወዳል፣ ደንበኞቹም በዚሁ ያሞግሱታል። ጋራዥ ውስጥ ሞተሮቹ መሪያቸው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆሙት። መሪው ቀጥ ሲል እስሩ ውብ ነው። እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ግን ቀዩ ገመድ እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሶ ጫፍ ለጫፍ ይነካካል። ኮረኮንች ላይ ሲገፏት ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ይገናኛሉ፤ ጋራዥ ስትደርስ የምትነሳው ለዚህ ነው።

«ይህን ማነው እንዲህ አንቆ ያሰረው?» አልኩት።

«እኔ» አለ። ከዚያ ዐይኑ በራ። «ግን እማዬ፣ ማታ ማታ መሪውን ወደ ግራ አስጠምዝዞ የሚያስቆልፈው ማነው?»

እኔ ነኝ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሞተር ከደጁ ከተሰረቀ ወዲህ ሞተሯ ኮሪደር ውስጥ ካልገባች አልተኛም ብያለሁ። ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ቁም ሳጥን አለ፤ መሪው ግራ ጥግ ድረስ ካልዞረ አትገባም። ካልተቆለፈች ደግሞ ምን ዋጋ አላት?

«እኔ ነኝ!» አልኩት። «ምነው፣ ሌባ ይውሰዳት ነበር?»

«ኧረ እንኳን አልወሰዳት» አለ፣ እየሳቀ። «ሌባው ማስነሳቱ ላይ ይሞታል።»

ምራቴ ሳቀች። ከዚያ ሰዓቷን አየችና ሳቋ ቆመ። ልጄም ቀልዱን ተወ። ማሰሪያውን በፒንሳ ቆረጠው፣ የተበጠሰውን ገልጦ ቁራጭ ሽቦ ቀጠለለት፣ ጠምዝዞ አጠበቀው፣ በናስትሮ ጠቀለለው። ሊያስረው ሲል እጁን ያዝኩት። «መጀመሪያ መሪውን ግራ ጥግ አድርሰው፣ ከዚያ እሰር። እዚያ ያልተወጠረ የትም አይወጠርም።» እንዳልኩት አደረገ፣ ላላ አድርጎ። ሹሩባ አልመሰለም።

ምራቴ ቁልፉን አዞረች። አረንጓዴዋ በራች። መሪውን ግራ ቀኝ አመላለሰችው፣ አልጠፋችም። ስታርተሩን ስትነካው ሞተሯ ጮኸች። ሄልሜቷን አጠለቀች፣ የበረዶ ሣጥኑን ማሰሪያ ጎተት አድርጋ አየች፣ ከዚያ የሄልሜቷን መስታወት ከፈት አድርጋ «እማማ፣ ወንበሩን ያንሱልኝ፣ እንዳልገጨዎት» አለችኝ። ቤታችን ከገባች ወዲህ እንዲህ ጮክ ብላ ስታዘኝ የመጀመሪያዋ ነው። አነሳሁላት። አቧራውን አልብሳን ሄደች።

ልጄ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሳለ ስልኩ ጮኸ። አለቃዋ ነው። ልጄ ድምፁ ተለወጠ፤ ደንበኛ ሲያናግር የሚያመጣት ቀጭን ድምፅ አለችው።

«አቤት ጌታዬ... አዎ፣ ወጥታለች፣ ትንሽ ብትዘገይ ነው... ሞተሯ? አይ፣ ትንሽ የሽቦ ነገር ነበር፣ አሁን ደህና ናት... ከሰዓት በኋላ? እሱማ እንግዲህ... እርስዎ እንደወሰኑ ጌታዬ።»

ስልኩን ዘጋ። እኔን ላለማየት ካቻቢቴውን መወልወል ጀመረ።

«ምን አለህ?»

«ከሰዓት በኋላ ሞተሯን ለሌላው ሠራተኛ ላስረክብ ነው አለኝ።»

«አንተስ?»

«እርስዎ እንደወሰኑ አልኩት።»

«ሰምቻለሁ። ለምን አልክ ነው የምልህ።»

ካቻቢቴውን አስቀመጠ። «እማዬ፣ ‹ሞተሯ ምንም የላትም› ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። አሁን ተመልሼ የበጠሰው የራሴ እስር ነው ብዬ ብነግረው ማን ሞተር ያመጣልኛል? ያሰርኩትን ሁሉ ፈትተው ነው የሚያዩት።»

«ይፈቱት። የታነቀ ካለ ይላላል።»

«አይገባሽም፣ እማዬ። አንቺ አረፍ...»

«ጨርሳትና ወንበሩን ራስህ ላይ ነው የምሰብረው!» አልኩት። «ስማ። ያቺ ልጅ አሁን ደም ተሸክማ እየበረረች ነው። ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ከእጇ ሲቀበሏት ‹መያዝ አታውቅም› ብለው ነው የሚቀበሏት፤ ያንን ያለው ደግሞ ባሏ ነው። ስልኩን አንሳ። አሁን፣ ጋራዥ ሳትሄድ፣ እዚሁ ፊቴ። ‹ምንም የላትም ያልኩት ተሳስቼ ነው፣ ገመዱን አንቄ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ቀድማ ነግራኝ አልሰማኋትም› በለው። ‹መሪውን የምታስቆልፈው እናቴ ናት› ማለት ካማረህም በል፣ እኔን ከሥራ የሚያባርረኝ የለም። ድምፁን ደግሞ ክፈተው፤ ሰውዬው የሚመልስልህን በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ።»