ከዓይን የተደበቀ ቢላዋ

አጎቴ ለኽዳር ቢላዋ ሠሪ ነው፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይተኛል። ሳያርፍ መዶሻ የጨበጠ ሰው ወገቡ ይሰበራል ብሎ ያምናል። ብረት ግን ዕረፍት አያስፈልገውም። ቀጥቅጦ እንደጨረሰ፣ ስለቱ ገና ከመዶሻው ሳያገግም፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል።

ለአረፋ አራት ቀን ሲቀረው ሁለት ቢላዋ ዘይቱ ውስጥ ተሰነጠቀበት። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ጠጠር ጥርስ ስር ሲገባ ያህል።

በከተማችን በቡ ሳዓዳ የኢማሙ በግ የሚታረድበት ቢላዋ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ የሚወጣው ከእኛ ቤት ነው። ዘንድሮ ካልደረሰ ግን ኢማሙ የፋብሪካ ቢላዋ እንደሚገዙ በትሕትና አስታውቀዋል። የቀረን የመኪና ባሌስትራ ደግሞ ለአንድ ስለት ብቻ የሚበቃ ነበር።

አጎቴ ጉዳዩን በጥልቀት መረመረ። ጥፋተኛው ጎረቤታችን ሐጂ ቡዚድ ሆነው ተገኙ።

«ሁለቱንም ጊዜ በሩ ላይ ቆመው ነበር» አለኝ።

«ሰላም ሊሉህ እኮ ነው፣ አጎቴ።»

«‹እንዴት ያምራል› አላሉም?»

«ብለዋል።»

«በቃ። ያ ዓይን ድንጋይ ይሰነጥቃል።»

ሐጂ ቡዚድ ያለ መነጽር የራሳቸውን ጫማ አይለዩም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማርኩት ስለ ብረት ነው። ዲግሪዬን አጎቴ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ የተላጠውን ልስን ይሸፍናል። ባለፈው ወር፣ «መዶሻው ብረቱ ውስጥ ውጥረት ይተዋል፤ ከመንከርህ በፊት አግለህ ቀስ ብሎ ይብረድ» ብዬው ነበር።

«ውጥረት ያለብሽ አንቺ ነሽ» አለኝ። «ባል ፈልጊ።»

ስለዚህ አሁን ስለ ብረት አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

«ዓይን ከሆነ መድኃኒት አለው» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስለቱን ፍም እስኪመስል አግለህ ዓይኑን ታቃጥላለህ። ከዚያ ማንም እንዳያየው አመድ ውስጥ ትቀብረዋለህ። ጨርሶ ሳይበርድ አይወጣም። ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ?»

«የተራ ሰው ዓይን ቢሆን አንዴ ይበቃ ነበር። የሐጂ ነው።»

«ይሄን ዩኒቨርሲቲ ነው ያስተማሩሽ?»

«አዎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዲግሪዬን ቀና ብሎ አየው።

ሁለት ቀን ሙሉ አጋለ፣ ቀበረ፣ ተኛ፤ አወጣ፣ አጋለ፣ ቀበረ፣ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ስለቱን ዘይት ውስጥ ሲነክር ሁለታችንም ጆሯችንን ወደ ዘይቱ አዘነበልን። ዘይቱ ጨሰ። ሌላ ድምፅ አልነበረም።

በአረፋ ጠዋት ኢማሙ በአንድ ስበት አረዱ። ሕዝቡ አጎቴን አመሰገነ። አጎቴም ምስጋናውን ብቻውን አልበላም፤ የሐጂ ቡዚድን ዓይን እንዴት ድል እንዳደረገ ለመስጊዱ ሁሉ ተረከ።

ይሄ ከነከነኝ። ከሰዓት በኋላ ከድርሻችን ሥጋ በሳህን ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው። ነገሩን ያባባስኩት እኔ ነኝ።»

«የምን ይቅርታ፣ ልጄ?» ወደ ጠረጴዛው ጠቆሙኝ። «ሚስቴ ከሞተች ሰባት አረፋ አለፈ። አንድም ሰው ሥጋ ልኮልኝ አያውቅም። ዛሬ ከአሥራ አንድ ቤት መጣ፤ እንዳላይባቸው ፈርተው። አጎትሽን በርታ በይው።»

ከዚያ የኔን ሳህን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«እንዴት ያምራል» አሉ።