ከግላሱ ሥር

ደግሰውን ላሊበላ ላይ የማያውቀው የለም። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ባጃጅ ከበቅሎ ሲጋጭ «እስቲ ደግሰው ይምጣ» ይባላል። እሱም ይመጣል፤ ነጠላውን ያስተካክላል፣ ሁለቱንም ወገን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማና «የዚህም እውነት አለው፣ የዚያም እውነት አለው» ይላል። አንዳንድ ክፉ አፍ «መሀል ሰፋሪ» ይለዋል። ይበለው! እሱ እንደሆነ ስሙን እንደ ሹመት ነው የያዘው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ማለት ይወዳል፤ ተንጠልጥሎም ይኸው ሽበት አብቅሏል።

ዘንድሮ ታዲያ የበቅሎ አከራዮች ማህበር መሪውን ሊመርጥ ሆነ። ድሮ ሊቀመንበር ይባል የነበረው አሁን «ፕሬዚዳንት» ተብሏል፤ ጎብኚ እንግዳ ሲጠፋ ማዕረግ ይረዝማል መቼም። በማህበሩ ወግ፣ ተወዳዳሪው ገና ሳይመረጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን እንደሚሠራ ያስረዳል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ሐሳቡን ይመዝናል፤ አባላቱም የሽማግሌውን አፍ አይተው እጅ ያወጣሉ። መዛኙ ያው ደግሰው ነው፤ እሱም ከአከራዮቹ አንዱ ነው።

ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ደባሱ ነው፣ ነባሩ መሪ፤ ዕቅዱ «እንደነበረው ይቀጥል» ነው። ሌላዋ የትናየት ናት፤ የአባቷን በቅሎዎች ተረክባ እንግዳ ዳገቱን ወደ አሸተን ማርያም የምታወጣ፣ ነገር መሸፋፈን የማታውቅ ሴት። የሷ ዕቅድ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፤ ጠዋት ጠዋት ዳገቱ ሥር የእያንዳንዷ በቅሎ ኮርቻ ይነሳ፣ ጀርባዋ ይታይ። ኮርቻ ያቆሰላት፣ ገጣባ የሆነች በቅሎ እስክትድን ትረፍ፤ ባለቤቷም እስከዚያ ከማህበሩ ቋት ይብላ።

ደግሰው ይህን ሲሰማ የገዛ በቅሎውን አሰበ። የሱ ዳማ በቅሎ ኮርቻዋ ላይ የሚጣለው ግላስ ባለ ዘርፍ ነው፣ ዓይን የሚስብ፤ ውስጡን ግን ለቄስ። ከሥሩ መዳፍ የሚያህል ቁስል አለ። እንዳያሳርፋት ሌላ በቅሎ የለው፤ እንግዳ ደግሞ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው። «ከፋሲካ በኋላ አሳርፋታለሁ» ይላል። ያለፈው ፋሲካም እንዲሁ ተብሎለት ነበር።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የትናየት ራሷ። በስብሰባው ዋዜማ ዳማ ዳገቱ ላይ አልንቀሳቀስ ብትል፣ የትናየት ልታግዘው መጥታ እጇን በቅሎዋ ጀርባ ላይ ጣል አደረገች። ዳማ ተሸማቀቀች። የትናየት የግላሱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ አየች፤ መልሳም ሸፈነች።

«አያ ደግሰው፣ ይቺማ ትረፍ እንጂ። ነፍስ አይደለችም እንዴ?»

«አያለሁ፣ የኔ ልጅ፣ አያለሁ» አላት።

በማግስቱ አባላቱ ከወይራው ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። በቅሎዎቹ ከአጥሩ ጥግ ታስረዋል። ደባሱም ተናገረ፣ የትናየትም ተናገረች፤ ዓይን ሁሉ ወደ ደግሰው ዞረ። ተነሳ። ነጠላውን አስተካከለ።

«የልጃችን ሐሳብ መልካም ነው» ብሎ ጀመረ። «የደባሱም ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። በየጠዋቱ ኮርቻ ማንሳት ይበዛል፤ ጨርሶ አለማየትም ነውር ነው። እንግዲህ መሀሉን እንያዝ። በዓመት አንዴ፣ ቀኑ አስቀድሞ ተነግሮ፣ ባለቤቱ ራሱ ገልጦ ይይ።»

«እሰይ! ሽማግሌ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ፤ ተጨበጨበለት። ጭብጨባው ግን እንደ ወትሮው አልጣፈጠውም። የመዘነው የራሱን ኮርቻ እንደሆነ ያውቃላ!

ደባሱ ዕድሉን አላሳለፈም። «እኔ የምለው፣ ይቺ ሴትዮ ስማችንን እያጠፋች አይደል? ገጣባ የሚጭን አለ ካለች ትጥራው! አንድ ሰው ብቻ ትጥራ!»

የትናየት ቀና ብላ ደግሰውን አየችው፤ ለአፍታ ነው። «አለቀልኝ» አለ በልቡ። ወዲያው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ «ብትናገርስ ከኔና ከሷ ማን ይታመናል?» ብሎ አሰበ።

«ስም አልጠራም» አለች የትናየት። «የመጣሁት ሰው ላዋርድ አይደለም፣ በቅሎ ላሳርፍ ነው።»

«ቀጣፊ!» አላት ደባሱ። ሳቅ ሆነ።

ጊዜው ይሄኔ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ደግሰው አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ያው የለመደው ነው። «እስቲ ሁለታችሁም ተረጋጉ።» ሁለታችሁም! አንዷ ዝም ብላ ቆማ፣ አንዱ እየሰደባት፣ ሁለታችሁም! ወይ ሽምግልና!

እጅ ወጣ፤ የትናየት ተሸነፈች።

ሰው መበተን ሲጀምር ደግሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ በቅሎው ሄደ። የትናየት ቀድማው ዳማ አጠገብ ቆማለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አያ፣ የኮርቻውን ጠፍር ላላ አድርጌዋለሁ» አለችው። ድምጿ ላይ ቂም የለም። «ቁልቁለቱ ላይ እንዳያማት ብዬ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ዕድሜ ልኩን ፍርድ ሲለው የኖረው ነገር ፍርሃት ሆኖ ታየው። ጠፍሩን ፈታ፣ ኮርቻውን ከነግላሱ ሳበ። ከሥር ያለው ጨርቅ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበርና ዳማ አቃሰተች።

«ኑ እዩ!» ብሎ ጮኸ። «ገጣባ የምጭነው እኔ ነኝ! ስም አልጠራም ያለችው የኔን ስም ነው!»

ሰዉ ተመልሶ ከበበው፣ ዝንቡም አብሮ። ማንም አልሳቀም። ደባሱ ብቻ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለና «ምርጫው እኮ አልቋል፣ ደግሰው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እውነቱን ነው፤ ምን ይባላል።

ደግሰው ግላሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። የስንት ዘመን ባልንጀራው ምስጋኑ አንጀቱ አልችል ብሎት ጠጋ አለ። ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየ፣ ከዚያ የደግሰውን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ያን ያህልም አይደል» አለው። «ደህና ነው አይባል፣ ክፉም አይባል። መሀከለኛ ቁስል ነው።»