ሃያ የሚዋሸው መለኪያ

የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ ጡረታ በወጡ ሰሞን የደም ግፊት መለኪያው መዋሸት ጀመረ። የተመላላሽ ክፍሉ ሠራተኞች ነገሩን ያዩት እንዲህ ነበር እንግዲህ።

የክፍሉ ልማድ ነው፤ ጠዋት በሩ ለታካሚ ከመከፈቱ በፊት መሣሪያው በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ ይሞከራል። ለዓመታት ያ ክንድ የሽማግሌው ነበር። ቀጭን፣ ቀልጠፍ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከቤታቸው በእግር መጥተው በእግር ይመለሳሉ፣ ግፊታቸውም ንቅንቅ አይልም። «የእርስዎ ክንድ እያለ የመሣሪያ መሐንዲስ ምን ያደርግልናል?» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ሲሄዱ ክንዱም አብሮ ሄደ። ታዲያ እኛስ ጤነኞች አይደለን ወይ ተባለና ሁሉም በየተራ እጅጌውን ሰበሰበ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ ክንዷ ላይ ሞከረችው፤ ከፍ አለ። ዶክተሩ ላይ ሞከሩት፤ ከፍ አለ። ረዳት ነርሷ ላይ ደግሞ ባሰበት።

«ሦስት ጤነኛ ሰው ባንድ ጠዋት አይታመምም» አለ ዶክተሩ እየሳቀ። «መሣሪያው ነው። ወደ ሃያ ይዋሻል። እስኪቀየር ድረስ ለሁሉም እየቀነሳችሁ ጻፉ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። መሣሪያው ምን አጠፋ? ለመሆኑ እነዚህ ጤነኞች እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዶክተሩ ስኳር፣ ግፊት፣ የደም ቅባትና የሆድ ውፍረት ተባብረው ሰውን እንዴት እንደሚጥሉ ሲያስተምር አፍ ያስከፍታል፤ የገዛ ጋውኑ ቁልፍ ግን ሆዱ ላይ አልገጥም ካለ ቆይቷል። ረዳቷ አዳር በገባች ቁጥር እራቷ ለስላሳና ብስኩት ነው። ሲስተርም ብትሆን ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ በሜትር ስትለካ ትውልና ማታ በዚያው ሜትር መጋረጃ ታስርበታለች እንጂ አንድ ቀን ወደ ራሷ ወገብ አዙራው አታውቅም። ከሰዓት በኋላ የሚጥላትን ድካም፣ ጠጥታ ጠጥታ የማይቆርጥላትን ጥም «ሥራ ነው» ትለዋለች። ታካሚ ይህንኑ ቢነግራት ሳታስጨርሰው ስኳሩን ትለካው ነበር።

እና አንድ ቀን ጠዋት ወንድሟ መጣ።

ወንድሟ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናትና አባታቸው ካለፉ በኋላ እሷን ያሳደጋት፣ ያስተማራት፣ እሱ ሳያገባ እሷን የዳራት ብረት መዝጊያ ሰው። በዚህ ዕድሜዋ «ሚጣዬ» የሚላት ከእሱ በቀር የለም። ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሚጣዬ፣ ጭንቅላቴን ከኋላ በኩል ወጥሮ ይዞኛል። ዓይኔም ብዥ ይልብኛል። ተሳፋሪው ተሰብስቦ እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ እይኝ።»

«አንተ ጋሼ፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር አታውቅ፣ ጭንቅላትህ ምን ያድርግ!»

የመሣሪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠቀለለች። መሣሪያው አጉረመረመ፣ ተነፋ፣ ተነፈሰ። መቶ ሰባ አራት። ደንገጥ አለች፤ ወዲያው ግን ሃያውን ቀነሰች። ደረጃ ወጥቷል፣ ለእሱም አሥር ቀነሰች። የተረፈውን ለእንቅልፍ እጦቱ ሰጠችው። ውስጧ «ቆይተሽ ድገሚው» ብሏት ነበር። ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

«እህ? ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለ ወንድሟ። «ቅር ካልሽኝ መሪውን ለጓደኛዬ እሰጠዋለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው የምትቀረው? አንተ ብረት ነህ! ይልቅ መሪ ይዘህ ስልክ እንዳታነሳ።»

ሳቀና ግንባሯን ስሟት ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ የግድግዳውን ድጋፍ ሙጭጭ አድርጎ መያዙን አይታለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና «ና ተመለስ» አላለችውም፤ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

ከምሳ በፊት ሽማግሌው ናፍቆት አምጥቷቸው ብቅ አሉ። «እህሳ፣ ክንዴን በማን ተካችሁት?» ብለው ቀለዱ።

«አባባ፣ መሣሪያውም ከእርስዎ ጋር ጡረታ ወጥቷል» አለች ረዳቷ። «ሃያ ይዋሻል።»

«ይዋሻል? እስቲ ለእኔም ይዋሸኝ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሁሉም ሊስቁ ተዘጋጅተው ከበቧቸው። ቁጥሩ ወጣ። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ያዩት ያው የድሮው ቁጥር ነበር። ረዳቷ ደግማ ለካች። ያው ነው።

ሽማግሌው «በሉ እንጂ፣ ስንት ዋሸኝ?» እያሉ የሁሉንም ፊት በየተራ ያያሉ። ዶክተሩ ሳያስበው እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ረዳቷ «ባለፈው ሃያ ቀንሰን የሸኘናት ነፍሰ ጡር…» ብላ ጀመረችና አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሲስተር ግን ስለ ማንም አላሰበችም። መቶ ሰባ አራት። ሳይቀነስ መቶ ሰባ አራት። ፈራች፣ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ስልኳን አውጥታ ደወለች። አይነሳም። እንዳታነሳ ያለችው እሷው ናት፤ እሱ ደግሞ ቃሏን መሬት ጥሎ አያውቅም። ደግማ ስትደውል ዶክተሩ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ረዳቷ ሳትጠየቅ ጨርቁን በሲስተር ክንድ ላይ ጠቀለለች። የወጣውን ቁጥር ማንም ጮክ ብሎ አላነበበውም፣ የቀነሰላትም አልነበረም።

እንደገና ደወለች። ተነሳ። የማታውቀው የሴት ድምፅ ነው።

«ሃሎ? የሹፌሩ ቤተሰብ ነሽ? እኔ ተሳፋሪ ነኝ። አትደንግጪ፣ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ አቁሞታል፣ እኛ ደህና ነን። እሱ ግን ድንገት ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፣ አፉም ወደ አንድ ጎን ሄደ።»

«ሐኪም ቤት ውሰዱት! አሁኑኑ!»

«መኪናማ አስቁመናል፤ ሆስፒታሉም ሩቅ አይደለም። እሱ ነው እምቢ ያለን። መሪውን በግራ እጁ ጨብጦ አልወርድም አለ። አንደበቱ እየተያያዘ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል። ‹እህቴ ነርስ ናት፣ ጠዋት ለክታኛለች፣ ብረት ነህ ብላኛለች› ይላል። አንቺ ነሽ እንዴ እህቱ?»

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አለች ሲስተር።

ከባድ ትንፋሽ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ስማኝ። መሣሪያው አልዋሸም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ታመሃል። ውረድልኝ፣ በናትህ ውረድልኝ!»

ከኋላው ተሳፋሪዎቹም «ውረድ፣ ውረድ» ይሉታል። እሱ ሰምቷት ይሁን አይሁን አላወቀችም፤ ምላሱ እየከበደው «ብ… ብረት… ሚጣዬ… ብረት…» ይል ነበር።