በአንድ ሳፋ የታጠቡ ልቦች

መርዋ የመጀመሪያውን የበሬ ልብ ከፌስታሉ አውጥታ ትሪ ላይ አስቀመጠችና ትሪውን እስከ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው። ሁለተኛውን በሌላ ትሪ፣ በሌላ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከዚያ ራቅ ብላ አየች። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ሰው ሳይነካካ የሚያልፍበት ቦታ አለ። ቢሆንም አንደኛውን ጠረጴዛ እንደገና ጥቂት ጎተተችው።

የባዮሎጂ ክፍሉ ይበርዳል። ከሳነቴ ተራራ በኩል የወረደው ጉም የጎባን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ገና አልለቀቀም። መርዋ ከነጩ ጋዋን ሥር ሹራብ ደርባለች፤ ጣቶቿ ግን ደንዝዘዋል።

አንደኛው ልብ ከሮቤ የመጣ ነው። ማለዳ ከሰፈሯ ከወዚር ሉካንዳ ገዝታ፣ በሚኒባስ ጭኗ ላይ ይዛው ነው የመጣችው። አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ፌስታሉን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቋት።

«ልብ ነው፣ አባባ። ለትምህርት ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «እኛ ልጆች ሳለን ልብ ይስጥህ እየተባልን ነው ያደግነው። ዘንድሮ በኪሎ ሆነ ማለት ነው?»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ፤ መርዋ እስከ ጎባ አንገቷን ደፍታ መጣች።

ሁለተኛውን ልብ የገዙላት ጋሽ ደጀኔ ናቸው። ጋሽ ደጀኔ የትምህርት ቤቱ ነባር የባዮሎጂ መምህርና፣ በዚህ ልምምድ ላይ የእሷ አማካሪ ናቸው። እሷ ራሷ መስቀል የተሳለበት ሉካንዳ ብትገባ የሚከለክላት የለም፤ ነገር ግን ባለሉካንዳው ሂጃቧን ሲያይ «እህቴ፣ ተሳስተሽ ነው» ብሎ በትሕትና ወደ ማዶ እንደሚልካት ታውቃለች።

ይህን ነገር በዚህ አገር ማንም ለማንም አያስረዳም። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ከብት ይሰጣል፤ እነሱ በራሳቸው እጅ አርደው በራሳቸው ድስት ይሠራሉ። ሙስሊሙም ሲድር እንደዚያው ያደርጋል። መርዋ ልጅ ሳለች የጎረቤታቸው የእትዬ እኅተማርያም ልጅ ስትዳር፣ በሙስሊሞቹ ድስት አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጠዋት ነበር። ሥራዋ የወዲያኛው ዳስ ጭልፋ ወደዚህኛው ድስት እንዳይገባ ማየት ነው። እንግዶቹ ሊበሉ ሲሉ «ተጠብቋል?» ብለው የጠየቁት እሷን ነው። «ተጠብቋል» አለች፤ በሉ።

እናም ትናንት ለተማሪዎቿ እንደዚያው አለቻቸው። ሁለት ልብ ይመጣል፤ የየራሳችሁ ለየብቻ ነው፤ ማንም የማይፈልገውን አይነካም። አስረኛ ክፍሎች ተስማሙ። አንዳንዶቹ ቤታቸው ሄደው አስፈቅደዋል።

ይህን ሁሉ የተጨነቀችው በባዶ አይደለም። ዛሬ ዶክተር ፍቅረየሱስ ከዩኒቨርሲቲው ይመጣሉ። መርዋ በባዮሎጂ ከተመረቀች በኋላ መምህር ለመሆን የምትወስደው ስልጠና የሚያልቀው በዚህ ልምምድ ነው፤ ልምምዱ ደግሞ የሚያልቀው ዶክተሩ ክፍል ገብተው በሚሰጡት ውጤት ነው። ባለፈው መጥተው በጻፉት አስተያየት ላይ «ሠልጣኟ ብቻዋን ትሠራለች፤ ተማሪዎች ይመለከታሉ» የሚል ነበረበት። ዛሬ ሁለተኛውና የመጨረሻው ነው። ከወደቀች ልምምዱን በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ትጀምራለች፤ የሥራ ምደባዋም በዚያው ይቀራል።

ያናደዳት አስተያየቱ ብቻ አልነበረም። ስለ ተማሪ ተሳትፎ የተማረችው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከስላይድ ላይ እያነበበ አንድም ጥያቄ ሳይቀበል ከሚወጣ አስተማሪ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ ነገ ልጆችን የሚያናግሩ ናቸው፤ ያኔ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም። መርዋ ደግሞ ከሁሉም ዝም የምትል ነበረች። ሰው ፊት ስትቆም ድምፅዋ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ለዚህ ነው ዛሬ የእሷ ድምፅ የማያስፈልግበትን ትምህርት የመረጠችው። ልጆቹ በእጃቸው ይቆርጣሉ፣ በዓይናቸው ያያሉ፣ እሷ በመካከላቸው ትዘዋወራለች። ጓንት እንኳ ጠይቃ ነበር። ከጠየቀች ሰንብታለች፤ ጓንቱ እስካሁን በመምጣት ላይ ነው።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ደጀኔ ብቅ አሉ። ካፖርታቸው እስከ አገጫቸው ተቆልፏል።

«ዶክተሩ በር ላይ ናቸው። ሂጂ ተቀበያቸው። ነገሩን እኔ አያለሁ።»

ሄደች። ዶክተር ፍቅረየሱስ ከርእሰ መምህሩ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ስለ መንገዱ ሲጠየቁ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ሠልጣኝ ለማየት ጎሮ እንደሚሄዱ ሲናገሩ ጎናቸው ቆማ ጠበቀች። በመጨረሻ ቦርሳቸውን እንድትይዝላቸው ጠየቀች፤ እምቢ አሉ። ወደ ክፍሉ ስትመለስ ደወሉ ሊደወል ጥቂት ቀርቶታል። ዶክተሩ ከኋላዋ በዝግታ ይመጣሉ።

ጋሽ ደጀኔ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ከመስኮቱ ሥር ቆመዋል። ፊታቸው ሰማያዊ ሳፋ አለ፤ ውሃው ቀይ ሆኗል። ሁለቱ ልቦች በአንድ ትሪ ላይ፣ ታጥበው፣ ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ደማቸውን አየሁና ለእንግዳ አይሆንም አልኩ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ደስ ብሏቸዋል። «እይ፣ እንዴት ጸዱ።»

መርዋ ትሪው ላይ አፈጠጠች። ጋሽ ደጀኔ ፊቷን አዩ፤ ቀጥሎ ትሪውን አዩ፤ ቀጥሎ ሳፋውን።

«ወይ ጉድ» አሉ ቀስ ብለው።

«የትኛው የትኛው ነው፣ ጋሼ?»

«ይሄ… ይሄኛው የኔ ይመስለኛል። ስብ ነበረው።» ሌላውን ገለበጡት። «ይሄም ስብ አለው ለካ።»

«ቢታወቅስ፣ ውሃው አንድ ነው።»

«እሱም አለ።» እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። ልጆቹ አላዩም። አንዱን እዚያ፣ አንዱን እዚህ አድርጊና አስተምሪ። ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ነን የምናውቀው። እኛም እኮ አናውቅም።»

መርዋ ተናደደች። የተናደደችው በእሳቸው አልነበረም፤ እሳቸውማ ሊረዷት ነው። ምክራቸው ቀላል መሆኑ ነው ያናደዳት። እጇን ዘርግታ አንዱን ልብ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ልትወስደው ትችላለች። ልጆቹ «ተጠብቋል?» ብለው አይጠይቁም፤ ትናንት ነግራቸዋለችና።

እጇን አልዘረጋችም። ደወሉ ተደወለ።

ልጆቹ ገቡ። ዶክተር ፍቅረየሱስ ከኋላ ተቀምጠው ወረቀታቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። መርዋ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ትናንት የነገርኳችሁ አልሆነም» አለች። «ሁለቱ ልቦች በአንድ ሳፋ ታጥበዋል። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። ማወቅ አለባችሁ ብዬ ነው።»

ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ «አንበላው፣ እንነካዋለን እንጂ» ሲል ሌላው «አንተ መጀመሪያ ንካና እንይህ» አለው። ያም ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። መርዋ መቀሶቹን ዘረጋች፤ ማንም አልተቀበላትም። ልጆቹ ብቻ ብቻቸውን ቢሆኑ ግማሾቹ ይነኩት እንደነበር ታውቃለች። ክፍል ሙሉ ዓይን እያየ፣ ቤት ወሬ እየተጠበቀ ግን ቀዳሚ የሚሆን የለም። ከኋላ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ሰማች።

ብቻዋን መቁረጥ ከጀመረች ያለፈው አስተያየት ዳግመኛ ተጻፈ ማለት ነው። መቀሱን እንደያዘች ቆመች።

ከፊት የተቀመጠችው ሰቢሪና እጇን አወጣች። ሰቢሪና ስትጠየቅ ዝም፣ ሳትጠየቅ የምትናገር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ እርስዎ ይነኩታል?»

«እነካዋለሁ።»

«እንግዲያ እጁ የእርስዎ ይሁን። እኛ እንዘዝዎት።»

«ቲቸርን ልታዢ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

መርዋ አልሳቀችም። አንዱን ልብ አንስታ ልጆቹ ሁሉ እንዲያዩት አጋድማ አስተኛችው። «እዘዙኝ» አለች። «ዛሬ ደም ወደ መላ አካል የሚረጨውን ክፍል ነው የምንፈልገው። ያላዘዛችሁኝን አልቆርጥም።»

ከዚያ ማሂ፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው ቀጭን ልጅ፣ ግማሽ ብድግ አለች። «የታችኛው፣ የግራው ክፍል ነው። በግራ ይቁረጡት።»

«በማን ግራ? በናንተ፣ በኔ፣ ወይስ በበሬው?»

ማሂ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «በኛ» አለች።

ስሕተት ነው። መርዋ ስሕተት መሆኑን እያወቀች መቀሱን በልጆቹ ግራ በኩል አስገብታ ቆረጠች። ግድግዳው ስስ ስለነበር በቀላሉ ተከፈተ።

«ቱሪ፣ ቱሪ» አለች ሰቢሪና፤ ቆይ ማለቷ ነው። ከመቀመጫዋ ተነስታ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። «ይሄ ስስ ነው። በዚህ ጉልበት እስከ እግር ድረስ ሊረጭ ነው?»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚረጨው?» አለች መርዋ።

«ቅርብ ነው የሚልከው። ሳንባ ጋ» አለ ሌላ። «ሳንባ ጎረቤቱ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ይሄ ቀኙ ነው» አለች ማሂ፤ ጆሮዋ ቀላ። «አበላሸሁት፣ ቲቸር?»

«አልተበላሸም። አሁን ግራውን የት እንደምፈልግ ንገሪኝ።»

«በወዲያኛው በኩል። ግድግዳው ወፍራም መሆን አለበት። ወፍራም ካልሆነ እኔ ባዮሎጂ አልማርም።»

ወፍራም ነበር። ከዚህ በኋላ ማን እንደሚያዝ አልታወቀም። ጠረጴዛውን ከበው «ቢታ» «ሚርጋ» እያሉ፣ ግራና ቀኙን በኦሮምኛ እየጮሁ፣ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ አዘዟት። አንዷ እስክሪብቶ ዘርግታ ሳትነካ ጠቆመች። ሁለተኛውን ልብ አስነሷትና የላይኛውን ክፍል አስቆረጧት፤ ውሃ አስመጥተው እንድትሞላው፣ ከሥር እንድትጨምቀው አዘዟት። ስትጨምቀው በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያሉት፣ እንደ ወረቀት የሳሱት ክዳኖች ተነፍተው ተገጣጠሙ፤ ውሃውም ወደ ላይ አልተመለሰም።

«ይድገሙት» አለች ማሂ። መርዋ ደገመችው። ከቆየች በኋላ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ገረማት፤ ከፍ ብሎ ነበር። «ይሄ ክዳን ባይገጥም ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ሦስት አራት ሆነው አንድ ላይ መለሱላት።

ደወሉ ሲደወል ልጆቹ እየተከራከሩ ወጡ። ዶክተር ፍቅረየሱስ ወረቀታቸውን አጥፈው ወደ ፊት መጡ። ደክሟቸዋል፤ ዓይናቸው በር በሩን ያያል።

«ክፍሉ ጥሩ ነበር» አሉ። «ግን ለምን ነገርሻቸው? ዝም ብትዪ ኖሮ በእጃቸው ይሠሩልሽ ነበር።»

ጋሽ ደጀኔ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«የየራሳችሁ ነው ብያቸው ነበር፣ ዶክተር።»

«ይገባኛል። እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት።» ወረቀቱን አሳዩዋት። «የማለፊያ ውጤት ሰጥቼሻለሁ። ለጥቂት ነው፣ ግን አልፈሻል። አስተያየቱ ላይ ግን ያየሁትን መጻፍ ነበረብኝ።»

መርዋ አነበበች። «ሠልጣኟ ብቻዋን ሠርታለች፤ ተማሪዎች በእጃቸው አልሠሩም» ይላል። ጽሑፉ ያለፈውን ሊመስል ምንም አልቀረውም።

ማለፏን ሰምታለች፤ ደስታው ግን አልመጣም። አእምሮዋ ውስጥ የቀረው ያ መስመር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን አንገቷን ደፍታ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ትል ነበር።

«ዶክተር» አለች፣ «እጁ የኔ ነበር። ትእዛዙ ግን የነሱ ነው። የተሳሳቱትም፣ ያረሙትም እነሱ ናቸው።»

ዶክተሩ ቀና ብለው አዩዋት። «አይቻለሁ» አሉ። «ወረቀቱ ላይ ለትእዛዝ የሚሆን ቦታ የለም፣ መርዋ። በእጅ ሠርተዋል ወይስ አልሠሩም ነው የሚለው።»

«እንግዲያ ወረቀቱ ጎድሎታል።»

ጋሽ ደጀኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዶክተር ፍቅረየሱስ ፈገግ ሊሉ ዳድቷቸው ተዉት። «ዛሬ ጎሮ ገበያ ነው፤ መኪናው ሞልቶ ይሄድብኛል» ብለው እጇን ጨብጠው ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጋሽ ደጀኔ የተቆራረጡትን ልቦች ወደ ፌስታል ከተቱ።

«በኔ ጦስ ነው» አሉ። «ከዚህ የተሻለ ይሰጡሽ ነበር።»

«አለፍኩ እኮ፣ ጋሼ።»

«አኩርፈሻል።»

«አኩርፌያለሁ» አለች መርዋ። «ግን በእርስዎ አይደለም።»

«ይሄንንስ ለማን ልስጠው?» ፌስታሉን አነሱት። «ለትምህርት ቤቱ ውሻ ይሁን። እሱ ሃይማኖቱን ተጠይቆ አያውቅም።»

መርዋ አልሳቀችም፤ ጋሽ ደጀኔም ሳትስቅ እንደምትቀር እንደገመቱ ሁሉ ፌስታሉን ይዘው ቀስ ብለው ወጡ።

መቀሶቹ ጠረጴዛው ላይ ተበትነዋል። ሰበሰበቻቸውና አንድ በአንድ በሳሙና አጠበች። ማጠፊያቸው ላይ የቀረውን ስብ በጥፍሯ ፋቀች፤ እንዳይዝጉ በጋዋኗ ጫፍ አደረቀቻቸው። ከዚያ ጫፋቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አድርጋ በመሳቢያው ውስጥ ደረደረቻቸውና መሳቢያውን ገፍታ ዘጋችው።